የኩላሊት ኪኒን

ልብስ ሰፊዋ በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ሱቋን ዘግታ ትውላለች። ደንበኞቿ ጨርቅ ልትገዛ የሄደች ይመስላቸዋል። እሷ ግን በጠዋት ጤና ጣቢያ ደርሳ ትመለስና በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ውኃ ታፈላለች። ከቦርሳዋ ያወጣቻቸውን ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አንድ በአንድ እንፋሎቱ ላይ ይዛ፣ የተለጠፈባቸው ወረቀት እስኪላላ ትጠብቅና በጥፍሯ ትልጠዋለች። ኪኒኖቹን የቫይታሚን ሥዕል ወዳለበት ሌላ ዕቃ ትገለብጣለች። ወረቀቱን በመቀስ አድቅቃ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ጋር ትቀላቅለዋለች። ባዶዎቹን ጠርሙሶች ሰፈር ውስጥ አትጥላቸውም፤ አውቶቡስ ተሳፍራ ማንም የማያውቃት ቦታ ወስዳ ትጥላቸዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስታደርግ ኖራለች።

ኪኒኑን የምትውጠው የሟች እህቷ ልጅ ናት። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም "ፊሽካ" ይላታል። ድምፅዋን አንዴ የሰማ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። እናቷ ስትሞት ገና በወጉ መናገር አልጀመረችም ነበር። ስድስት ዓመት ሲሞላት "ይሄ ለምንድነው?" ብላ ጠየቀች፤ አክስቷም አፏ ላይ የመጣላትን "አንዱ ኩላሊትሽ ሰነፍ ነው፤ ይቺን ማታ ማታ ካልዋጥሽለት ይተኛብሻል" አለቻት። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ኪኒኗን በዋጠች ቁጥር ጎኗን መታ መታ እያደረገች "ተነስ አንተ ሰነፍ!" ትል ጀመር። በዓመት ሁለቴ ለምርመራ ደሟ ሲቀዳም የኩላሊቷ ጉዳይ ነው የሚመስላት። ነገሩ የቤት ቀልድ ሆነ። ቀልድ ከሆነ በኋላ ደግሞ ማፍረሱ ከበደ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። "ንገሪያት" ማለት የጀመረችው ልጅቷ አሥር ዓመት ሲሞላት ነው።

"ስምንተኛን ትፈተንና" አለች ልብስ ሰፊዋ። ስምንተኛ አለፈ። "አሥረኛን ትጨርስና" አለች። አሥረኛም አለፈ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ፈተና ማለቂያ የለውም እኮ" አለቻት ሲስተር በመጨረሻ። "ልጅሽ ትልቅ ሰው እየሆነች ነው። ስለ ገዛ ደሟ ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች፣ አንቺንም ኪኒኑንም አንድ ላይ ነው የምትጥላችሁ።"

"ልቧ ይሰበራል፣ ሲስተር።"

"የማን ልብ? የሷ ወይስ ያንቺ?"

ልብስ ሰፊዋ ጠርሙሶቿን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፊሽካ የሱቁን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። የቀኝ እጇ እጅጌ ወደ ላይ ተጠቅልሏል፤ የክንዷ መታጠፊያ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፎበታል።

"እታባ! ዛሬ ሦስት ሰው አዳንኩ!"

አክስቷ የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። "ደግሞ ምን ሆንሽ? ወደቅሽ?"

"ደም ሰጠሁ! የደም ባንክ መኪና ትምህርት ቤት መጥቶልን። ከክበባችን አሥራ ሁለት ልጅ ሰጠ። የአንድ ሰው ደም ለሦስት ሰው ይሆናል አሉን። ጓደኛዬ ረጅሙ ደግሞ መርፌውን ሲያይ ሊወድቅ ነበር፤ እኔ ነኝ የደገፍኩት። ያን ሁሉ ቁመት ተሸክሞ!"

የስፌት መኪናው ቆመ። መርፌው ጨርቁን እንደነከሰ ቀረ።

"አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላ ደም ይሰጣል እንዴ?" አለች አክስት ቀና ሳትል።

"አሥራ ስምንት ብዬ ሞላኋ። አምስት ወር ምን አላት?"

"ቅጹ... መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም?"

"ይጠይቃል። አልወስድም አልኩ።"

"ለምን?"

ፊሽካ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ለማውረድ ጊዜ ወሰደች። "ስለማልወስድ ነዋ" አለች። ከዚያ የአክስቷን ፊት አይታ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረች። "አትቆጪ በቃ። ከትምህርት መክፈቻ ጀምሮ አቁሜያለሁ። እንቅልፌን በቅዠት ይሞላብኛል፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ያዞረኛል። በየማታው አንድ አንድ እያወጣሁ ሽንት ቤት ነው የምጥለው። ይኸው አምስት ወር፣ ምን ሆንኩ? ኩላሊቴ ሥራውን እየሠራ ነው!"

አምስት ወር። ጥናት ነው ብላ ያለፈችው ክሳት፣ ብርድ ነው ብላ በሎሚና በማር ያባበለችው ሳል፣ ትራስ ላይ የሚቀረው የላብ እርጥበት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ፊት መጥተው ቆሙ።

"ስልክ ተቀብለውሻል?"

"ያንቺን ሰጠኋቸው። ምን ሆነሻል እታባ? ፊትሽ ተለዋወጠብኝ።"

"ምንም። ክሩ ተበጠሰብኝ።"

ክሩ አልተበጠሰም ነበር።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ሳይከፈት በሩ ላይ ደረሰች። ሲስተር ጋዋኗን ሳትቆልፍ እንደቆመች አዳመጠቻትና ወንበር ሳበች፤ ለራሷ።

"የተለገሰ ደም ሁሉ ይመረመራል" አለች ቀስ ብላ። "ስለዚህ ለማንም አይሰጥም፣ ይወገዳል። እሱን አትፍሪ። ግን ይደውላሉ። በሳምንት ውስጥ ይደውላሉ። ከነሱ በፊት አንቺ ንገሪያት። ዛሬ።"

"እሺ።"

"አምስት ወር ካቆመች ቫይረሱ እንደልቡ እየተራባ ነው። ቶሎ መድኃኒቷን ልትጀምር ይገባል። ሌላም ልጠይቅሽ፤ ከሰው ጋር ደም ለደም የሚያነካካት ነገር የለም? ጓደኛ፣ ምላጭ፣ መርፌ?"

ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። "ልጄ የፀረ ኤድስ ክበብ ሊቀ መንበር ናት! አገር የምታስተምር ልጅ!"

"አገር ማስተማር ሌላ ነው" አለች ሲስተር።

ሲስተር ዛሬ ንገሪያት ያለቻት ዛሬ አለፈ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ልብስ ሰፊዋ ቆረጠች፤ ልጅቷን ከትምህርት ቤት አውጥታ፣ መንገድ ላይ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ልትነግራት አሰበች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወደ አዳራሹ ጠቆማት። የክበቡ ቀን ነበር።

ከኋላ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ሦስት መቶ የሚሆን ተማሪ ወለል ላይ ተቀምጧል። መድረኩ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ቀይ ሪባን በሸራ ተስሎ ተሰቅሏል። የሳለው ረጅሙ ነው፤ የፊሽካ የልብ ጓደኛ፣ ከእጁ እርሳስ የማይለይ፣ መምህራን ሳይቀሩ ሥዕል የሚያዙት ልጅ። መድረኩ ጥግ ላይ የፊሽካን ቦርሳ አቅፎ ተቀምጧል። ሌሎቹ ጓደኞቿ፣ ሁለት መንትያ እህትማማቾች፣ የጥያቄ ሣጥን ይዘው ወረቀት ያቀብላሉ። ፊሽካ መሃል ላይ ማይክሮፎን ይዛለች፤ ማይክሮፎን ግን አያስፈልጋትም ነበር።

"ምላጭ!" ስትል፣

"የራስ!" ይላል አዳራሹ።

"መርፌ!"

"የራስ!"

"አልሰማሁም!"

"የራስ!"

ከመንትዮቹ አንዷ የተጣጠፈ ወረቀት ሰጠቻት። ፊሽካ ዘርግታ አነበበች። "ሰው ኤድስ እንዳለበት በምን ይታወቃል? ይላል።"

"በክሳት!" ብሎ አንዱ ከመሃል ጮኸ።

"በክሳት ከሆነማ የሒሳብ አስተማሪያችንን ምን ልንላቸው ነው?" አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሒሳብ አስተማሪው ራሱ በር ላይ ቆሞ ሳቀ። "በመልክ አይታወቅም! በደም ምርመራ ብቻ ነው የሚታወቀው። እዩኝ፣ እኔ ከትናንት ወዲያ ደም ሰጥቻለሁ። ቢኖርብኝ ይነግሩኝ ነበር፣ አይደል? የኔ ደም ንጹሕ ነው። የናንተስ?"

ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ። በጭብጨባው መሃል ፊሽካ ሳል ያዛት። ማይክሮፎኑን ከአፏ ለማራቅ አልደረሰችም። ያ ከሆድ የሚመጣ ደረቅ ሳል በአራቱም ድምፅ ማጉያ ወጥቶ ጭብጨባውን ሸፈነው። ረጅሙ ውኃ አቀበላት። አጠገቧ ተቀምጠው የነበሩ ትንንሽ ልጆች ሳቁባት፤ እሷም ሳቀች።

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ወጣች። ለዘበኛው "አላገኘኋትም" አለችው።

ስልኩ ዓርብ ጠዋት ጮኸ። ትሕትና ያለው የሴት ድምፅ ነው። የፊሽካን የመዝገብ ስም ከነአያቷ ጠርታ "ከደም ባንክ ነው፤ ለአንድ አጭር ጉዳይ ቢሯችን ብቅ እንድትልልን ፈልገን ነበር" አለች።

"ተሳስተዋል" አለች ልብስ ሰፊዋ። "እንደሱ የምትባል ሰው እዚህ የለችም።"

"ይቅርታ እናቴ፣ ቁጥሩ ግን..."

ዘጋችው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ጮኸ። አጠፋችውና መሳቢያ ውስጥ፣ ከጨርቅ ናሙናዎች ሥር ቀበረችው። ሁለት ቀን ብቻ፣ እሑድ እነግራታለሁ አለች ለራሷ። ቅዳሜ የደንበኛ ኮት እጅጌ አሳጥራ ቆረጠች፤ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ስሕተት ሠርታ አታውቅም። እሑድ ፊሽካ ከመጋረጃው ወዲያ ስታጠና፣ በሁለት ገጽ መሃል አንድ ሳል፣ በሁለት ገጽ መሃል አንድ ሳል ይሰማ ነበር። አክስት ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጣ ሳሉን ስታዳምጥ ዋለች። መጋረጃውን አልገለጠችም።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ፊሽካና ረጅሙ አብረው መጡ። ረጅሙ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ።

"እትዬ፣ ስልክዎ ተበላሽቷል እንዴ? የደም ባንክ ሰዎች ቢደውሉ ቢደውሉ ዝግ ነው አሉ። እሷ ሁለተኛ ተጠሪ ብላ የኔን ቁጥር ጽፋ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደወሉልኝ። ራሷ መጥታ ታነጋግረን አሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።"

"የደም ዓይነቴን የሚናገር ካርድ ሊሰጡኝ ነው" አለች ፊሽካ። "ወይ ምስክር ወረቀት።"

"ለኔ ግን አልደወሉም" አለ ረጅሙ። "ለመንትዮቹም አልደወሉም።"

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደችና ጠቀለለችው።

"ልጄ፣ አንዴ በረንዳው ላይ ቆይልን" አለችው።

ልጁ ሲወጣ በሩን ዘጋችው። ለዚች ቀን አሥራ አንድ ዓመት ንግግር ስታዘጋጅ ኖራለች። አንዱም ቃል አልመጣላት አለ።

"ኩላሊትሽ ምንም የለውም" አለች።

"እኔስ ምን አልኩሽ!" አለች ፊሽካ ደስ ብሏት።

"መጀመሪያም ምንም አልነበረውም። ኪኒኑ የኩላሊት አይደለም። እናትሽ... እናትሽ ዝም ብላ በሳንባ ምች አልሞተችም። ደሟ ውስጥ ያለው ነገር ነው አቅም ያሳጣት። አንቺን ስትወልድ አላወቀችም ነበር።"

ፊሽካ ይህን ትምህርት ለሁለት ዓመት ለሌላ ሰው ስታስተምር ኖራለች። ቀሪውን ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ራሷ ጨረሰችው። "ከእናት ወደ ልጅ" አለች፤ "በእርግዝና፣ በወሊድ፣ በጡት።" አዳራሽ ውስጥ እንደምትለው፣ በቅደም ተከተል። ድምፅዋ ግን የሷ አልነበረም።

"መድኃኒትሽን ከወሰድሽ እንደማንኛውም ሰው..."

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያንን የምናገረው።" የፕላስተሩ ሙጫ የቀረበትን ክንዷን በጣቷ ፈተገች። "ስንት ሰው ያውቃል?"

"እኔና ሲስተር ብቻ።"

"ሦስት መቶ ሰው ፊት ደሜ ንጹሕ ነው አልኩ።"

"ሰምቻለሁ" አለች አክስት፤ እንባዋ መውረድ ጀመረ። "እዚያው ነበርኩ።"

ፊሽካ ቀና አለች። "ነበርሽ? ነበርሽና ዝም አልሽ?"

ልብስ ሰፊዋ ልታቅፋት ተነሳች። ልጅቷ በእጇ አራቀቻት። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር የታያት ይመስል ዓይኗ ወደ እግሯ ወረደ፤ እዚያው ቀረ። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ሟሟና ሌላ ነገር ተተካበት። አክስቷ እንዲህ ያለ ፍርሃት ሰው ፊት ላይ ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሞተች እህቷ ላይ።

"እታባ፣ መርፌሽን ወስጄ ነበር።"

"የቱን መርፌ?"

"ቀጭኑን። የዛሬ ወር ገደማ። መልሼ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።"

ካልሲዋን ወደ ታች ጠቀለለች። ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ብሎ፣ አውራ ጣት የምታህል ቀይ ሪባን ቆዳዋ ላይ ተነቅሳለች። ሥዕሏ ታምራለች፤ ቅርፊቷ ረግፎ ቀለሙ ጠርቷል።

"የክበቡ ምልክት ነው። አራታችንም አለን። እኔ፣ ረጅሙ፣ መንትዮቹ። የወጋን ረጅሙ ነው፣ እጁ ጥሩ ስለሆነ።"

"በአንድ መርፌ?"

"መጀመሪያ በክብሪት ለብልበነዋል።"

"በየመሃሉስ?"

ልጅቷ ካልሲዋን መልሳ ወደ ላይ ሳበች።

"ማን ነው መጀመሪያ የተወጋው?"

"ሊቀ መንበሯ ትጀምር አሉ።"

"አንቺ! መርፌ የራስ፣ ምላጭ የራስ እያልሽ አዳራሽ ሙሉ ስታስጮኺ!"

"እሱማ ለማናውቀው ሰው ነዋ!" አለች ፊሽካ፤ አሁን ማልቀስ ጀመረች። "እኛ እኮ እንተዋወቃለን! አራታችን፣ አንድ ላይ ያደግን ልጆች። ከመሃላችን ማን ሊኖርበት ነው ብለን?"

በሩ ተንኳኳ። "ጨረሳችሁ? ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?" አለ ረጅሙ ከውጭ።

"ዛሬ ይቅር" አለች አክስት በሹክሹክታ። "መጀመሪያ ሲስተርን እናማክርና..."

ፊሽካ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። "አይሆንም። ከዛሬ ወዲያ ምንም ነገር አይቀርም" ብላ ራሷ በሩን ከፈተችለት።

ረጅሙ ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ። "ለመድረክ ነው አይደል? አዲስ ድራማ?" አለና ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሮ ፊቷን አየ። ሳቁ ቆመ። ጎንበስ ብሎ፣ በካልሲው ላይ ቁርጭምጭሚቱን በመዳፉ አፍኖ ያዘ፤ ደም እየፈሰሰበት ይመስል።

በማግስቱ አራቱም ሲስተር ፊት ተቀምጠው ነበር። ሲስተር አልተቆጣችም፤ ይሄ ይበልጥ አስፈራቸው።

"በሦስት ቀን ውስጥ ብትመጡ የሚሰጥ የመከላከያ መድኃኒት ነበር" አለች። "አሁን አልፏል። ደም ባንክ ባይደውልላችሁም፣ ዛሬ ብትመረመሩም፣ ገና ስለሆነ ላይታይ ይችላል። ከሦስት ወር በኋላ ድጋሚ ትመጣላችሁ። በዚህ መንገድ የመያዝ ዕድሉ ትንሽ ነው። ትንሽ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። እስከዚያ ደም አትሰጡም፤ ደማችሁ የነካው ስለት ሌላ ሰው አይነካም። ገባችሁ?"

የሦስቱም የመጀመሪያ ውጤት ነጻ ነበር። ማንም ደስ አላለውም።

የሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከባድ ነበሩ። ፊሽካ መድኃኒቷን ጀመረች። ሳሏ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘና ለሱም ሕክምና ገባች። ከአክስቷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረች ከሰላምታ በቀር አትናገርም ነበር፤ ያ ቤቱን ይሞላ የነበረ ድምፅ ጠፋ። ክበቡን "ታምሜያለሁ" ብላ ተወችው። የመንትዮቹ እናት ልጆቿን ከክበቡ አስወጣች፤ መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዋን ስታይ መንገድ ትቀይራለች። አፏን ግን አልከፈተችም፤ ለዚህ ልብስ ሰፊዋ እስከ ዛሬ ታመሰግናታለች።

ሦስተኛው ወር ሲሞላ መንትዮቹ ተመርምረው ነጻ ወጡ። ረጅሙ አልመጣም። ሲስተር ጠበቀችው፤ አልመጣም። ፊሽካ ቤቱ ሄደች። ከከተማው ማዶ አጎቱ ጋር ሊኖር ገብቷል፣ ትምህርት ቤትም ቀይሯል አሏት። ከስንት ቀን በኋላ ስልኩን አነሳላትና "ካላወቅሁት የለም ማለት ነው" አላት። "እባክሽ ተይኝ።"

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ እናቱ ሱሪ ይዛ ሱቁ መጣች። ሆቴል ውስጥ አንሶላ በመተኮስ የምትሠራ፣ ወሬ የማይደክማት ሴት ናት። ስለ ንቅሳቱም ስለ ምርመራውም የምታውቀው ነገር አልነበረም።

"ይኸው፣ አዲሱ ዩኒፎርም ወር ሳይሞላው አጠረው! ይሄ ልጅ የት ሊደርስ ነው?" አለች ሱሪውን ዘርግታ። "ግን ጎበዝ ሆኖልኛል። አዲሱ ትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ ልጆቹ ይከተሉታል። ሥዕሉን አይተውለት እግራቸው ላይ፣ ክንዳቸው ላይ ሣልልን ይሉታል። ታቱ ነው የሚሉት? እጁ ወርቅ ነው እኮ! አጎቱ ተቆጣ፤ እኔ ግን ከመባለግ ይሻላል አልኩ።"

ልብስ ሰፊዋ ሱሪውን ይዛ ደርቃ ቀረች። "በምንድነው የሚሠራው?"

"በመርፌ ነዋ። በምን ሊሠራ ኖሯል?"

ለመናገር አፏን ከፈተች። የሌላ ሰው ልጅ፣ የሌላ ሰው ምስጢር፣ የገዛ ልጇ ምስጢር፤ ምላሷ ታሰረ። ያኔ መጋረጃው ተገለጠ። ፊሽካ የመጽሐፏን ገጽ በጣቷ ይዛ ወጣች።

"እትዬ፣ ይቀመጡ" አለች። "እኔ ልንገርዎት።"

ያን ቀን ከራሷ ጀምራ ነገረቻት። ከኪኒኑ፣ ከመርፌው፣ ከክብሪቱ፣ ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ፣ አንዱንም ሳትዘል። እናትዮዋ መጀመሪያ "ልጄን ልትገድሉት ነው!" ብላ ጮኸች፤ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ተሰበሰበች፤ ቀጥሎ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ እየቀረባት ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሮጠች። ፊሽካ ጫማውን አንስታ ተከተለቻት።

ረጅሙን አመጡት። ሲስተር ክፍል ውስጥ የቆየው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጡት ግማሽ ቀን ሆነባቸው። ነጻ ነበር። እናቱ መሬት ሳመች። እሱ ግን አልተነሳም፤ ሲስተር አሁን ስለ ሌሎቹ ጠይቃዋለች። ሰባት ልጆች ነበሩ፣ በአንድ ቀን፣ ከመማሪያ ክፍል ኋላ፣ በአንድ መርፌ። ተራቸውን ያስታውስ ነበር። ሲስተር ስማቸውን ጽፋ ለትምህርት ቤቱ ጤና መኮንን በዝግ ደብዳቤ ላከች።

ፊሽካ በሚቀጥለው ወር መድኃኒቷን ልትወስድ ከአክስቷ ጋር ጤና ጣቢያ ሄደች። አሁን አብረው ነው የሚሄዱት፤ ንግግራቸውም ትንሽ ትንሽ እየተመለሰ ነው። ኮሪደሩ ጫፍ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች። የለበሰችው የማዶውን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አንዱን ካልሲዋን አውርዳ፣ ጣቷን በምራቋ እያረጠበች፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮ ትፈትጋለች። ቆዳው ቀልቷል። ትፈትጋለች።

ፊሽካ ልጅቷን አየች፤ ከዚያ በሩ ላይ የቆመችውን ሲስተርን አየች።

"ስለሷ አትጠይቂኝ" አለች ሲስተር። ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር።

መጠየቅ አላስፈለጋትም። ረጅሙ ነጻ ነው፤ ከሱ አልመጣም። ልጅቷ ቫይረሱን ከየት እንዳገኘችው ምናልባት እሷም አታውቅ ይሆናል፤ ከእናቷ ይሁን፣ ከሌላ መርፌ ይሁን፣ ለማንም ከማትናገረው ሰው ይሁን። ረጅሙ ግን ተራውን ለፊሽካ ነግሯታል። ዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ፣ ቢራቢሮዋ፣ ሁለተኛ ነበረች። ከሷ በኋላ አምስት ልጆች በዚያው መርፌ ተወግተዋል።

"ቤቷ አልሄድም ብላ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናት" አለች ሲስተር ዝቅ ባለ ድምፅ።

ፊሽካ ቦርሳዋን ለአክስቷ ሰጠችና ኮሪደሩን ይዛ ሄደች። ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች። የምትፈትገውን እጅ ቀስ ብላ ያዘችው።

ልብስ ሰፊዋ ከሲስተር ጋር በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። ሲስተር እጇ ላይ የስም ዝርዝር ይዛለች። ከሰባቱ አምስቱ ስማቸው ፊት መጥተው ተመርምረዋል የሚል ምልክት አለ።

"ሁለቱስ?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሲስተር ወረቀቱን አጠፈችው። "ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጽፏል፤ እኔም ራሴ ቤታቸው ሄጃለሁ። የአንዱ አባት ልጄ ጨዋ ነው ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ሌላዋ ደግሞ ትምህርት ቤት መምጣት አቁማለች።"

ሁለቱ ልጆች እስካሁን አልመጡም።